ማርሚታህን በግቢህ ከመፍታትህ በፊት

ልጄ፣ ኮሮላህ ዳገት ላይ እምቢ ማለት እንደጀመረች ነግረውኛል። ጋራዥ ወስደሃት «ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ ሆዱን አውጥተን ባዶውን እንመልስልህ» እንዳሉህም ሰማሁ። አንተ ግን ከማኒፎልዱ የሚወርደውን ቱቦና ካታላይዘሩን ገዝተህ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሳይደርስ በግቢህ ልትቀይር ቆርጠሃል። አልከለክልህም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። እንግዲህ በእጅህ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ልትቆይህ ይገባል። ቀጥሎ የምነግርህ ለእሷም ለአንተም ዕድሜ ነው።

1. መጀመሪያ የገደለውን ፈልግ።

ካታላይዘር እንደ ፍሬን ሸራ በልቶ በልቶ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። በደህና ሞተር ሥር ከሆነ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያገለግላል። ቶሎ ከሞተ የገደለው ነገር አለ፤ ገዳዩ ሳይያዝ አዲሱን ብታስገባው እሱንም ይገድለዋል።

ውስጡን አይተህ ከሆነ፣ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ሸክላ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ናይትሮጅን ይቀየራል። ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። አንድ ካንዴላ ወይም ኮይል ሲበላሽ ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን እንዳለ ይገባበትና እዚያው ውስጥ ይነዳል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሸክላው ቀልጦ ራሱን ይደፍናል። ዘይት የሚበላ ሞተርም በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ያንን ስስ ቅብ ይሸፍነዋል። በቴስታ ጓርኒሲዮን በኩል ውሃ የሚያሾልክ ሞተርም እንዲሁ።

ሌላው የእኛ አካባቢ ጣጣ ነዳጁ ነው። ማደያ ሲደርቅ በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ስንቱ ይገዛል! ውስጡ ነጭ ጋዝ መቀላቀሉን በምን ታውቃለህ? ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣና ጦሱ ለካታላይዘሩ ይተርፋል። አዲስ ካታላይዘር ካሰርክ በኋላ ወረፋው ረጅም ቢሆንም ከማደያ ቅዳ። አባቶቻችን በነዱበት ዘመን ቤንዚኑ እርሳስ ነበረው፤ እርሳስ ደግሞ ካታላይዘርን ጨርሶ ይገድላል። የአፍሪካ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው ከሰሃራ በታች እርሳሱን እስከ 2005 መጨረሻ አስወጡት። ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ካታላይዘር የምንነጋገርበት ነገር ራሱ አይኖርም ነበር።

ጉልበት ማነሱም ሁልጊዜ የካታላይዘር ጥፋት አይደለም። ከተማህ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከአርባ ምንጭ ስትመጣ በምዕራብ አባያ ሜዳ ላይ ደህና የሄደች መኪና ከሁምቦ ወደ ሶዶ ሽቅብ ስትጀምር ብትደክም፣ የአየር ማጣሪያዋም የነዳጅ ፓምፗም ይጠረጠራሉ። ካታላይዘሩን በእርግጠኝነት ለመክሰስ ሁለት ነገር አድርግ። ቀዝቃዛ ሳለ በጎማ መዶሻ ወይም በመዳፍህ ቀስ አድርገህ ምታው፤ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ሸክላው ተሰባብሯል። ቀጥሎ ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን ኦክስጅን ሰንሰር ፈትተህ ለአጭር ጊዜ አስነሳትና ቤንዚን ስጣት፤ የጠፋው ጉልበት በዚያች ቀዳዳ ሲተነፍስ ከተመለሰ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ካታላይዘሩን የሚከስ ፒ0420 የሚል ኮድ ስላየህ ብቻ ዕቃ ለመግዛት አትሩጥ። ቱቦው ቢሰነጠቅና አየር ቢስብ፣ ወይም የኋላው ሰንሰር ቢደክም፣ ያው ኮድ ይመጣል።

2. ሆዱን አታስወጣ።

ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ባዶውን ቆርቆሮ መልሶ መበየድ ርካሽ ነው፤ መኪናዋም ቀለል ያለች ይመስልሃል። ግን ያ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን በቀጥታ የሚወጣው ሰው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲጎርፉ የሶዶን መንገዶች ተመልከት። ከመኪናህ በስተኋላ የሚሄደው ልጅ አፍና አፍንጫው ከአዋቂ ይልቅ ለማርሚታህ ይቀርባል። ሌላውን ተወውና ለእሱ ብለህ አታድርገው።

ለራስህም አይበጅህም። የኋላው ሰንሰር ካታላይዘሩ እንደሌለ ስለሚያውቅ የሞተር መብራቱ አይጠፋም፤ ያ መብራት ዘወትር ከበራ ደግሞ ነገ ሌላ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ አታየውም። ሸክላው ሲሰበር የሚወጣው አቧራና ሸክላውን የሚያቅፈው ምንጣፍ ቃጫም ለሳንባ ክፉ ነው፤ በመዶሻና በብረት እየጎረጎሩ ያለ መሸፈኛ የሚያወጡትን ልጆች ሳይ ያሳዝኑኛል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፦ ሆዱን «በነፃ» አወጣልሃለሁ የሚልህ ሰው ያወጣውን ጥሎ አይሄድም። ውስጡ ያለው ብረት የከበረ ነው፤ ገዢ አለው። አሮጌው ካታላይዘር የአንተ ንብረት ነው፤ ስታስፈታም ስትፈታም በእጅህ ይሁን።

3. ሳትገዛ ተኝተህ እይ።

ከመኪናዋ ሥር ገብተህ በስልክህ ፎቶ አንሳ፦ ቱቦው ከማኒፎልዱ የሚገናኝበትን ጠፍጣፋ፣ የብሎኖቹን ብዛት፣ የሰንሰሮቹን ቦታ፣ ተለጣጩን ክፍል፣ የኋላውን መጋጠሚያ። የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬህ ላይ ቅዳ። «የኮሮላ ስጡኝ» ብቻ ካልክ የሚሰጥህ የማንኛዋም ኮሮላ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርደህ ወይም ሰው ልከህ የምትገዛ ከሆነ፣ ሶዶ ተመልሶ አልገጥም ያለ ቱቦ ይዞ እንደገና መንገድ መግባት ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስቆጫል።

አንዳንድ መኪኖች ላይ፣ በተለይ በኋለኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ፣ ካታላይዘሩ ከማኒፎልዱ ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሠራው። የአንተም እንደዚያ ከሆነ ሥራው የቱቦ መቀየር ሳይሆን የሞተር ራስ መንካት ነውና ለባለሙያ ስጠው።

ካታላይዘር ስትመርጥ በአንዱ በኩል ባትሪ አብርተህ በሌላው እይ። ቀዳዳዎቹ ከዳር እስከ ዳር ያልተሸራረፉና ያልቀለጡ መሆን አለባቸው። ላዩ የተበየደ አሮጌ ካየህ አትንካው፤ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። አዲስ ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ቆርቆሮው ትልቅ፣ ሸክላው አጭር የሆነ አለ። ጓርኒሲዮኖቹን፣ ዳዶዎቹን፣ የስፕሪንግ ብሎኖቹንና ማርሚታውን የሚያንጠለጥሉትን ጎማዎች በአዲስ ግዛ። ያገለገለ ጓርኒሲዮን ተጨፍልቆ ቅርጹን ስለያዘ ሁለተኛ አያሽግም።

4. መሬትህን ምረጥ።

የወላይታን ቀይ አፈር አንተም ታውቀዋለህ። በበጋ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ከነካው ግን ክሪክ ይውጣል። መኪና ሥር ሰው የሚሞተው ክሪኩ ተሰብሮ ብቻ አይደለም፤ አንድ ወገን ሰጥሞ ወይም ተንሸራቶም ነው። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ፈልግ፤ ከሌለህ ጎረቤት ለምን። እሱም ከጠፋ ወፍራም ጣውላ ከክሪኩና ከመቆሚያው ሥር አንጥፍ፤ ያውም በደረቅ ወቅት።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። መኪናዋን ካነሳህ በኋላ ጭነቷን በሁለት የብረት መቆሚያዎች ላይ አሳርፍ፤ ብሎኬት አትጠቀም፤ ብሎኬት ሳይሰነጠቅ ድምፅ አይሰጥህም። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፤ የእጅ ፍሬን ሳብ። መቆሚያው ላይ ካረፈች በኋላ ትከሻህን አስደግፈህ በደንብ ነቅንቃት፤ የምትወድቅ ከሆነ አንተ ውጭ ሳለህ ትውደቅ። የወለቀ ጎማ ካለህ ከሻሲው ሥር አስተኛው። ብቻህን ሥር አትግባ። ሰው አጠገብህ ይኑር፤ ስልክም ይኑረው።

5. ሞተሩ ትናንት ጠፍቶ ያደረ ይሁን።

መኪናዋ ከመንገድ ከገባች በኋላ ካታላይዘሩ ለረጅም ሰዓት ያቃጥላል። ማታ አቁመሃት ጠዋት ብትጀምር ይሻላል።

6. ዝገትን በጉልበት አትግጠመው።

ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ማኒፎልዱ ላይ የተተከሉት ብሎኖች ለዓመታት እየጋሉና እየቀዘቀዙ ከዳዶው ጋር ተጣብቀዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ጥርሳቸውን በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ዝገት ፈቺ ዘይት ንፋባቸው፤ ማታ ድገም፤ ጠዋት ድገም። ከጠፋ የፍሬን ዘይት ይረዳል፤ ቀለም ላይ ብቻ እንዳይንጠባጠብ።

ስድስት ጎን ያለው ቡሶላ ተጠቀም፤ ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ 14 ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ጎን ያለው የዛገ ዳዶ ራስ ላይ ይሾልክና ያከበዋል። ቡሶላው እስከ ታች መግባቱን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። መጀመሪያ በማጥበቂያው አቅጣጫ ለጥቂት ንካው፤ «ጭቅ» የምትል ድምፅ ስትሰማ የዝገቱ ትስስር ለቀቀ ማለት ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፤ ዘይት ጨምር፤ ስምንተኛ ዙር መልስ፤ እንደገና ፍታ። መፍቻው እንደ ሙጫ እየለሰለሰ ከዞረልህ አቁም፤ ብሎኑ እየተጠመዘዘ ሊቆረጥ ነው። መፍቻህ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተህ በሙሉ ክብደትህ አትንጠልጠል። ፊትህንም ከመፍቻው መንገድ አርቅ። መነጽር ሳታደርግ ሥር አትግባ፤ የማርሚታ ዝገት ከላይ ወደ ዓይን ነው የሚወርደው።

በእሳት ማጋል ይፈታዋል፤ ግን ግቢህ ውስጥ፣ የነዳጅ ቱቦው ስንዝር ርቆ በሚያልፍበት ቦታ አታድርገው። ብሎኑ ማኒፎልዱ ውስጥ ከተቆረጠ እዚያው ላይ አቁም። የተቆረጠ ብሎን ማእከሉን ጠብቆ ሰርስሮ ማውጣት ጋራዥ ያለው መሣሪያና እጅ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ መኪናዋን አስጎትቶ መውሰድ አያሳፍርም።

የኋለኞቹን ዳዶዎች ግን ልታድናቸው አትሞክር። እነሱን በግራይንደር ወይም በብረት መጋዝ ቁረጣቸው፤ አዲስ ብሎን ታስገባለህ። ከመቁረጥህ በፊት ብልጭታው የሚሄድበትን እይ፤ የነዳጅ ታንከሩ በዚያ አቅጣጫ ከሆነ መጋዙን ምረጥ።

7. ሰንሰሩን እንደ እንቁላል ያዝ።

ባትሪውን ከኔጋቲቭ በኩል ፍታ፤ የሰንሰሩን ሶኬት በመጀመሪያ ንቀል፤ ሽቦው ሳይጠመዘዝ ሰንሰሩን ፍታ። አብዛኞቹ 22 ቁጥር መፍቻ ይፈልጋሉ፤ ለሽቦው የተሰነጠቀ ልዩ ቡሶላ አለ። በአንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ግን በሁለት ዳዶ ነው የሚታሰረው። ጫፉን በእጅህ አትንካ፤ ቤንዚንም ዘይትም አይንካው። ከወደቀ ውስጡ ያለው ሸክላ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ላዩ ደህና መስሎ። ስትመልሰው ጥርሱ ላይ ብቻ መጣበቅን የሚከላከል ቅባት በስሱ ቀባ፤ ጫፉ ላይ እንዳይደርስ። የፊቱንና የኋላውን እንዳታቀያይር ሽቦዎቹ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ።

8. ስትገጥም ሁሉንም አላልተህ ጀምር።

ካታላይዘሩ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ኋላ፣ ጭሱ ወደሚሄድበት ያመልክት። የማኒፎልዱን ፊት የድሮውን ጓርኒሲዮን ቅሪት ሳትተው ፋቅ፤ ቧጭረህ ግን ጎድጓዳ አታውጣበት። ከዚያ መጀመሪያ ጎማዎቹን አንጠልጥል፤ ክብደቱን እነሱ ይያዙልህ። ቱቦውን ከማኒፎልዱ ጋር አገናኝ፤ ዳዶዎቹን በእጅህ ብቻ ጥቂት ዙር አስይዝ፤ የኋላውንም እንዲሁ። አሁን ከሥር ተኝተህ ሁሉንም እይ፦ ቱቦው ሻሲውን ይነካል? ከፍሬን ቱቦና ከሽቦ ምን ያህል ይርቃል? ተለጣጩ ክፍል ተጣሟል? እያስተካከልክ ቆይተህ ሁሉም በሰላም ሲቀመጥ ብቻ ከፊት ጀምረህ ወደ ኋላ አጥብቅ፤ አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ እያፈራረቅህ በጥቂት በጥቂቱ። አንድን ጫፍ መጀመሪያ አጥብቆ ሌላውን በጉልበት ስቦ የሚያስገባ ሰው፣ ቱቦው ሁልጊዜ እንደተወጠረ እንዲኖር ያደርገዋል፤ ያ ውጥረት በፒስታ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ማኒፎልዱን ይሰነጥቀዋል።

ከሥሩ የነበረውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ «ይንኳኳል» ብለህ አትጣለው። በጥቅምትና በኅዳር አዝመራ ሲሰበሰብ መኪና በደረቀ የበቆሎ አገዳና በጤፍ ገለባ ላይ ይቆማል። የጋለ ካታላይዘር ያን ገለባ ከነካው እሳቱ የሚጀምረው ከመቀመጫህ ሥር ነው።

9. ብየዳ ካስፈለገ ከመኪናዋ አውጥተህ አስበይድ።

ቱቦው አጥሮ ወይም መጋጠሚያው ተለይቶ ከሆነ፣ ቦታውን በነጥብ ምልክት አድርገህ አውርደው፤ ብየዳ ቤት ውሰደው። እዚያው ላይ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይፈቱ፤ ሰንሰሮቹ ይውጡ፤ የብየዳው መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ኤሌክትሪኩ በኮምፒውተሩ በኩል መንገድ ካገኘ ካታላይዘር ለመቀየር ጀምረህ ኮምፒውተር ትገዛለህ።

10. የምታስነሳው ውጭ ነው።

በክረምት ብርድ ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የማይነቁ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። የገደላቸው ጋዝ ከመኪናህ ማርሚታ የሚወጣው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። አዲስ ካታላይዘር አለኝ ብለህ አትታለል፤ ቀዝቃዛ ሳለ ገና ሥራ አልጀመረም። ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ፣ በር ዘግተህ፣ ዝናብ ነው ብለህ አታስነሳ። ግፋና አውጣት።

አስነስተህ ወዲያው፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለች፣ መጋጠሚያዎቹን አድምጥ። «ቲክ ቲክ» የሚል ትንፋሽ ካለ ያሾልካል። ረዳትህ እርጥብ ጨርቅ በወፍራም ጓንት ይዞ የማርሚታውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይክደን፤ አንተ ከጎን ሆነህ አድምጥ፤ ትንሿ ቀዳዳ ያኔ ትጮሃለች። መጀመሪያ ሲሞቅ ትንሽ ጭስና የቅባት ሽታ ይኖራል፤ እሱ ከአዲሱ ብረት ላይ የሚነድ ዘይት ነው፤ ይጠፋል። ከጭስ ማውጫው የሚንጠባጠበው ውሃም አያስደንግጥህ።

11. ቦዲቲ ደርሰህ ተመለስ።

መንገዱ ለመፈተሻ ይበቃል። ስትመለስ ሙሉ ለሙሉ ትቀዝቅዝ፤ ከዚያ እንደገና መቆሚያ ላይ አውጥተህ ዳዶዎቹን ሁሉ ፈትሽ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ጥቂት ይቀመጣልና የሚላላ ታገኛለህ። መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካየህ ያሾልካል፤ ፍታና አስተካክል። ኮዱን አጥፍተህ ለአንድ ሳምንት ንዳ፤ ፒ0420 ካልተመለሰ ለዓመታዊ ምርመራ ውሰዳትና ቦሎህን አድስ። ከተመለሰ ደግሞ ወደ ተራ ቁጥር 1 ሂድና ካንዴላውን፣ ኮይሉንና የዘይቱን ልክ ከማየት ጀምር።